ኮምፓውንድ አልቀበልም ያለው ኮፈን

ማሪቱ አሥራትን «የሥራ ቦታሽ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ካለ ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችውን ጥቁር ሻንጣ መታ መታ ታደርግለታለች። ሻንጣው ውስጥ የመኪና ፖሊሽ ማሽን፣ ሦስት ስፖንጅ፣ የኮምፓውንድ ጠርሙስ፣ ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድና አንድ እፍኝ ፌስታል አለ። አርባ ዓመት ሊሞላት ሁለት ቀርቷታል፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን የኖረችው የሰው መኪና ስታጥብና ስታበራ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ሰበታ፣ ረቡዕና ሐሙስ ቡራዩ፣ አርብ ሱሉልታ። በሰው ግቢ፣ በሰው አጥር ሥር፣ በሰው መብራት።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ኮምፓውንድ ማለት የቀለሙን ጭረት እየፈጨ የሚያጠፋ ወፈር ያለ ፈሳሽ ነው፤ ስፖንጁ ላይ ጠብ ይደረጋል፣ ማሽኑ ያሽከረክረዋል፣ መኪናው ያበራል፣ በቃ። እስቲ ይሞክሩት! ፀሐይ ካገኘው ሥራውን ሳይጀምር ይደርቅና እንደ ዱቄት ይቦናል። ከበዛ ስፖንጁን ይደፍነዋል። ነፋስ አቧራ ይዞ ከመጣ ደግሞ አንድ ጭረት አጠፋለሁ ያለው ሰው መቶ ጨምሮበት ያርፋል። ስለዚህ ፖሊሽ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ጣሪያ ያስፈልገዋል። ማሪቱ ከጣሪያ በቀር ሁሉም ነበራት።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ወደ ቡራዩ ከመውጣቷ በፊት ሰበታ ቤቷ ሻይ እየጠጣች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የደወለው ሰላሃዲን ነው፤ ቡራዩ ውስጥ ሰፊ ጋራዥ ያለው፣ ሆዱም ግቢውም ሰፊ የሆነ ሰው። ሰላሃዲን ክፉ አይደለም። በሽታው አንድ ብቻ ነው፤ «እናያለን» ማለት ይወዳል። ጋራዡ ጥግ ላይ አሮጌ ጎማ የታጨቀበት፣ ሰፊ በር ያለው ባለ ቆርቆሮ ክፍል አለ። መኪና ልክክ ብሎ ይገባበታል፤ ፀሐይም ነፋስም አይደርስበትም። ማሪቱ «አከራየኝ» እያለች ሁለት ዓመት ለምናዋለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉም «እናያለን» ብሏታል።

«ማሪቱ፣» አላት አሁን፣ «አንድ ጥቁር ዲኤክስ ልጆቼን አሸንፏቸዋል። ኮፈኑ ኮምፓውንድ አልቀበል አለ። ባለቤቱ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊወስደው ይመጣል፤ ለእሁድ ሙሽራ ሊጭንበት ነው። እስከዚያ ካደረስሽልኝ የጎማ ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልሆነልሽ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው አልኩሽ።»

ማሪቱ ሻይዋን ጥላው ተነሳች። ከሰበታ ቡራዩ ድረስ ሦስት ታክሲ መቀያየር አለባት፤ በሦስቱም ውስጥ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ፣ ልቧ ከሹፌሩ እየቀደመ፣ አንዱን ረዳት «ስንት ሰው ልትጠብቅ ነው?» እያለች ስትጨቀጭቅ ሄደች። ረዳቱ «እናቴ፣ ወላድ ይዘሻል እንዴ?» አላት። አዎ ልትለው ምንም አልቀራት።

ጋራዡ ስትደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። የጋራዡ ፖሊሽ ሠሪ ወንዲ ፊቱ በነጭ ብናኝ ተለውሶ፣ ጥቁሩ ዲኤክስ አጠገብ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ቀን ሙሉ ከዚህ መኪና ጋር ሲታገል ከርሟል።

«ማሪቱዬ፣ አትልፊ» አላት። «ኮምፓውንዱ ፌክ ነው። ትናንት ሌላ ገዛን፤ እሱም ፌክ ነው። ሙድ እየያዙብን ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም! ቡራዩ ውስጥ እውነተኛ ኮምፓውንድ ጠፍቷል በቃ።»

ማሪቱ ማሽኗን አውጥታ ገመዱን ሰካች። ንጹሕ ስፖንጅ አስራ፣ ከራሷ ጠርሙስ አራት ጠብታ አደረገችና ኮፈኑ ላይ በቀስታ ለቀቀችው። ማሽኑ ገና ሦስት ዙር ሳይመላለስ ኮምፓውንዱ እየተጠቀለለ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ግራጫ እንክብሎች ሆነ። እንክብሉ በስፖንጁ ላይ ተጣበቀ፤ ከስፖንጁ ተመልሶ ቀለሙ ላይ ተለሰነ። በጨርቅ ስትጠርገው ተንሸራቶ ሄደና ጭጋግ መስሎ ቀረ። ወንዲ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አያት። እሷ ግን ደሟ ሞቀ። ሰው ይንቀኝ እንጂ ኮፈን አይንቀኝም የምትል ሴት ናት።

መጠኑን ቀነሰች፤ ሁለት ጠብታ። ያው እንክብል። የማሽኑን ፍጥነት ቀነሰች። ያው። ፀሐይዋ የኮፈኑን ቆርቆሮ አግላዋለች ብላ፣ ወንዲንና ሁለት መካኒኮችን ጠርታ መኪናውን ወደ ጥላ አስገፋችውና አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ኮፈኑ ላይ ቸለሰችበት። አደረቀችው፣ ሞከረችው። ይባስ ብሎ ስፖንጁ እንደ ማስቲካ መጎተት ጀመረ። ሁለተኛውን ስፖንጅ ቀየረች፤ እሱም በደቂቃ ውስጥ ተደፈነ። ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ሊሆን ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ!

«ቲነር እንምታው» አለ ወንዲ ብድግ ብሎ። «ምንም ይሁን ምን ያነሳዋል።»

«እንዳትነካው!» ጮኸችበት። «ይሄ መኪና ድሮ እንደገና የተቀባ ነው። ቲነር ከነቀለሙ ነው የሚያነሳልህ። ሙሽራዋን በላሜራ ልትሸኛት ነው?»

ወንዲ እጁን ኪሱ ከቶ ተቀመጠ። ማሪቱም ማሽኗን አጥፍታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በራሷ ተናዳለች። አንዱን ሳታጣራ ሌላውን እየያዘች፣ ልክ እንደ ወንዲ ነበር ስትባዝን የቆየችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

እዚህ ላይ የአባቷ ነገር መነሳት አለበት። አሥራት ዓይነ ስውር ነበር፤ ሰበታ ካለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ እዚያው ሰበታ ወንበርና በርጩማ እየሠራ አራት ልጆች ያሳደገ ሰው። ማሪቱ ልጅ ሆና የሠራውን እንጨት በእጁ ሲዳብስ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። «ዓይን ከሩቅ ሆኖ ይፈርዳል፤ እጅ ግን ደርሶ ነው የሚያውቅ» ይላት ነበር። ወንበር ሲወላገድበትም የተጣመመውን እግር አይደለም መጀመሪያ የሚፈልገው። «ያልተበላሸውን ፈልጊልኝ» ይላታል፤ «ደህናውን ካወቅን ጥፋተኛው የት ይሄዳል?»

ማሪቱ ብድግ አለች። ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ስፖንጅ አሰረች። ኮፈኑን ትታ ወደ ሹፌሩ በር ሄደች፤ ከዚያው ጠርሙስ፣ ያንኑ አራት ጠብታ፣ በዚያው ማሽን። ኮምፓውንዱ ተዘረጋ፣ ነጣ፣ እየሳሳ ሄደ፣ እንደ ጥሩ ዘይት ጠራ። በጨርቁ አንድ ጊዜ ስትጠርገው በሩ ላይ የራሷ ፊት ወጣ፤ አፏን ከፍታ።

«ወንዲ! ና እይ! ና!»

ወንዲ መጥቶ በሩን አየ። ከዚያ ጠርሙሱን አየ።

«ፌክ አይደለም እንዴ?»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ሁለት ቀን ኮምፓውንዱን ስታማ ከረምክ። ኮምፓውንዱ ደህና፣ ማሽኑ ደህና፣ ቀለሙም አንድ ቀን የተቀባ ያው ቀለም። ጥፋቱ ኮፈኑ ላይ ነው፤ ኮፈኑ ላይ አንድ ነገር አለ!»

የኋላውንም በር ሞከረች፤ አበራ። ጣሪያውን ሞከረች፤ አበራ። እየሮጠች ነው የምትሞክረው፤ ሁለቱ መካኒኮችም የያዙትን ጥለው ይከተሏት ጀመር። ወደ ኮፈኑ ስትመለስ አንዲት ዝንብ መሀሉ ላይ አርፋለች። እሽ ብትላት ዞር ብላ ተመልሳ እዚያው። ጣሪያው ላይ ዝንብ የለም፣ በሩ ላይም የለም። ማሪቱ ዝንቧን ትክ ብላ አየቻት።

ከሻንጣዋ አንድ ስስ ፌስታል አወጣችና እጇን አስገባችበት። ይህ የራሷ ዘዴ ነው፤ ፌስታል ያጠለቀ ጣት ዓይን የማያየውን ያገኛል። ዓይኗን ጨፈነች። በሩን ስትዳብስ ፌስታሉ እሽሽ እያለ ሄደ። ኮፈኑን ስትዳብስ ግን ድምፅ የለም፤ ሙልጭ፣ ሙልጭ ነው የሚላት። ፌስታሉን አውልቃ በባዶ ጣቷ ጫን አድርጋ አሸችው። ጣቷን አሻሸች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ዓይኗ ተበረገደ።

«ቅቤ ነው!»

«ምን?» አለ ወንዲ።

«ቅቤ! የላም ቅቤ! ኮፈኑ ቅቤ ተቀብቷል!»

ወንዲም ጣቱን አሽቶ አሸተተ። መካኒኮቹም ተራ በተራ አሸተቱ። ሰላሃዲን ከቢሮው ወጥቶ «ምንድን ነው መኪና የምታሸቱት?» ብሎ ቢቆጣም፣ እሱም ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

ማሪቱ የባለቤቱን ስልክ ተቀብላ ደወለች። ባለቤቱ ገርባ ይባላል፤ የሱሉልታ ሰው ነው፤ በዚህችው ዲኤክስ ሰው እያመላለሰ ይኖራል።

«ወንድሜ ገርባ፣ ኮፈኑን ምን ትቀባዋለህ?»

«እኔ? ምንም። በየጠዋቱ በውሃ አጥበዋለሁ። ንጹሕ የምንጭ ውሃ።»

«ከመታጠቡ በፊትስ?»

ገርባ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ገርባ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። የኔም ነገር እዚህ ኮፈን ላይ ነው ያለው።»

«እናቴ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ፣ አራት ዓመት፣ ሌሊት ለመንገድ ስነሳ ዻዻ... ቅቤ ይዛ ትወጣለች። ኮፈኑን ቀብታ፣ መርቃ ነው የምትሸኘኝ። እምቢ እንዴት እላታለሁ? ተሳፋሪ ግን ይስቅብኛል። ስለዚህ ከታች ምንጩ ጋ ስደርስ፣ እሷ ከማታይበት፣ አጥበዋለሁ። እንዳትነግሪብኝ በናትሽ።»

ማሪቱ ስልኩን ዘግታ እስክትታጠፍ ድረስ ሳቀች። የሱሉልታን የጥር ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውሃው ጣት ይቆርጣል። ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ለቅቆ ያውቃል? ይረጋል እንጂ! ገርባ አራት ዓመት ሙሉ አጠብኩ እያለ የእናቱን ምርቃት ሲያጣብቅ ኖሯል። ማሪቱም ራሷ አሁን በዚያ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ያንኑ ደግማለች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እዚህ ግን ውሃው ጥሩ ከሚሆን ሙቅ ቢሆን ይሻል ነበር።

«ወንዲ፣ ሻይ ቤቱ ሂድና ትልቁን ጀበና... አይ፣ ትልቁን ማንቆርቆሪያ ለምነህ አምጣ! የፈላ ውሃ! የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናም!»

ወንዲ በረረ። ሰባት ሰዓት ከሩብ። ሙቁን ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ቀላቅላ እጅ የሚችለው ልክ ላይ አደረሰችው፤ ቀለሙን እንዳያስደነግጠው። በሳሙና አንድ ጊዜ አጠበችው፤ ከኮፈኑ የወረደው ውሃ የሾርባ ዓይን አወጣ። ሁለተኛ አጠበችው። ሦስተኛ። የተደፈኑትን ሁለት ስፖንጆችም ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው። ኮፈኑን አድርቃ ፌስታሉን አጠለቀች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ዳበሰች።

እሽሽሽ።

«አለ! ድምፅ አለ!» ብላ ዘለለች። መካኒኮቹ አጨበጨቡላት።

ስምንት ሰዓት። በሩን የሠራችበት ስፖንጅ ንጹሕ ነው፤ እሱን አሰረች። ኮፈኑን በዓይኗ አራት ቦታ ከፈለችው፤ ለእያንዳንዱ አራት ጠብታ፣ ቁመቱን ሄዳ ወርዱን ተመልሳ፣ ሳትጫን፣ ሳትቸኩል። መቸኮል አምሯታል፤ ግን አልቸኮለችም። የመጀመሪያው ሩብ ተዘረጋ፣ ነጣ፣ ጠራ። ጠረገችው። ከግራጫው ጭጋግ ውስጥ እንደ ጉድጓድ ውሃ የጠለቀ ጥቁር ወጣ። ወንዲ ጭንቅላቱን ይዞ «ኧረ በስመአብ!» አለ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማሽኗን አጠፋች፤ ትከሻዋ እሳት ሆኗል፤ ደስታዋ ግን ትከሻ አለኝ ብላ እንድታስብ እንኳ አልፈቀደላትም።

ሰላሃዲን መጣ። መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ሲል የራሱን በራ አየና ኮፍያውን አስተካከለ።

«ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነሽ» አለ። «የማይካድ ነው።»

«ክፍሉስ?»

ሰላሃዲን አገጩን አከከ። ወደ ጎማ ክፍሉ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ።

«ክፍሉ... ያው እንግዲህ ያን ሁሉ ጎማ የት አደርገዋለሁ? እስቲ ከፋሲካ በኋላ እናያለን።»

ማሪቱ የማሽኗን ገመድ ከሶኬቱ በቁጣ ነቀለችው። የግቢው በር የተንኳኳው በዚህ መሀል ነው።

የገባው ገርባ ነው፤ ከኋላው ደግሞ እናቱ፣ አዴ ተረፈች። ሰባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ በትር ይዘዋል፤ ነጠላቸው ሥር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ። የልጅ ልጃቸው የምትሄድበትን መኪና ካላየሁ ብለው ነው ከሱሉልታ ድረስ የመጡት።

«አካም ጅርቱ!» ብለው ግቢውን በሙሉ ሰላም አሉ።

«ፈያ፣ ገላታ ዋቃ፤ ደህና ነን። ይግቡ እማማ» አለች ማሪቱ ድምፅዋን እንደምንም ሰብስባ።

አዴ ተረፈች ወደ ኮፈኑ ተጠጉ። ፊታቸውን አዩበት፤ ሻሻቸውን አስተካከሉበት፤ ሳቁ። ቀጥለው ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው የኮባ ቅጠሉን መፍታት ጀመሩ። ውስጡ ብርቱካን የሚያህል ቢጫ ቅቤ አለ።

ወንዲ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ገርባ «ሀርሜ... እናቴ...» አለ፤ ዓይኑ ማሪቱን ይለምናል። ማሪቱ የልጁን ምሥጢር ማውጣት አልፈለገችም፤ ሥራዋም ዓይኗ እያየ ሊለሰን ነው። ሄዳ የአሮጊቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እማማ፣ ለኮፈኑስ ይበቃዋል። እስከ ዛሬ የቀቡት አልለቅ ብሎ፣ እነዚህን ጎረምሶች ሁለት ቀን ሲያሸንፋቸው ነው የሰነበተው። እኔንም ግማሽ ቀን አሸንፎኛል። ይጠይቋቸው።»

«አልለቅ አለ?»

«አልለቅ አለ። በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ ነው ያጠብነው።»

አዴ ተረፈች ሳቃቸው ከሆዳቸው መጣ። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሰማህ? አንተ ምንጩ ጋ ስታጥበው እኔ የማላውቅ መስሎህ ነበር? የእጅጌህ ሽታ አይነግረኝም? ባወቅኩ ጊዜ ነው ቅቤውን ያበዛሁት!»

ገርባ መሬት ብትውጠው ደስ ባለው። ግቢው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰላሃዲን ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አሮጊቷ ግን ቅቤውን መዳፋቸው ላይ እንደያዙ ናቸው።

«እንግዲህ ለምርቃት የወጣ ቅቤ ወደ ቤት አይመለስም» አሉ። ማሪቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ልጄ፣ የሠራሽው አንቺ ነሽ። በርሽ የቱ ነው?»

ማሪቱ ሰላሃዲንን አየችው። ሰላሃዲን ሳቁን አቋረጠ። እሷም አገጯን ቀስ አድርጋ ወደ ጎማ ክፍሉ አነሳች።

አዴ ተረፈች በትራቸውን እየተከሉ ሄዱ። ሰው ሁሉ ተከተላቸው። የበሩን መቃን በቀኝም በግራም ቀቡት፤ አውራ ጣታቸውን እየጫኑ፣ ምንም ሳይቆጥቡ። የተረፈውን የማሪቱ ግንባር ላይ አደረጉት።

«ሆሪ! ቡሊ! ርቢ፣ ኑሪ! እጅሽ አይዛል፤ በርሽ አይዘጋ፤ በዚህ በር የገባ ሁሉ አምሮበት ይውጣ። የሰጠሽም ሰው ይባረክ።» ዞር ብለው ሰላሃዲንን ፈለጉት። «ባለቤቱ አንተ ነህ? አሜን አትልም እንዴ?»

ሰላሃዲን መቃኑን አየ። ቅቤው በጥር ፀሐይ ያብለጨልጫል። የእናት ምርቃት የወረደበትን በር «እናያለን» የሚል ሰው በሱሉልታም በቡራዩም አልተወለደም።

«አሚን» አለ።

«ጠንከር አድርገህ!»

«አሚን፣ አዴ! አሚን!» ኪሱን ዳበሰና የቁልፍ ዘለላውን አወጣ። አንዷን ፈልቅቆ ለማሪቱ ሰጣት፤ ለወንዲም «ምን ትገተራለህ? ጎማውን አውጣ!» ብሎ ጮኸበት።

ወንዲ ጎማ እያንከባለለ ሲወጣ፣ መካኒኮቹም ሲያግዙት፣ ገርባም ካፈረበት ቀና ብሎ እጅጌውን ሲሰበስብ፣ ማሪቱ በበሩ ገባች። ክፍሉ የጎማ ሽታ አለው፤ ግድግዳው ላይ አንድ የዛገ ምስማር ወጥቷል። ሻንጣዋን ከትከሻዋ አወረደችና እዚያ ምስማር ላይ ሰቀለችው።